ነርስነት፦ ከመርፌው በፊት ያለው ሥራ

በገጠርም ሆነ በከተማ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ከካርድ ክፍል ቀጥሎ በአብዛኛው የሚያገኘው ባለሙያ ነርስ ነው። ሙቀት የሚለካው፣ የደም ግፊት የሚያየው፣ ቁስል የሚያጥበው፣ መድኃኒት የሚሰጠው፣ ሌሊት በታካሚው አልጋ አጠገብ የሚመላለሰው ይኸው ባለሙያ ነው። ይሁን እንጂ በማኅበረሰቡ ዘንድ ስለ ሙያው ያለው ግንዛቤ ከመርፌ ብዙም አያልፍም። ይህ ግምት ሁለት ጉዳት አለው። ታካሚው መርፌ ካልተወጋ ያልታከመ ይመስለዋል፤ ልጁን ወደ ሙያው የሚልክ ወላጅም ልጁ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ይልከዋል። በዚህ ጽሑፍ ነርስ በዕለት ተዕለት ሥራው የሚያደርገውን፣ ለምን እንደሚያደርገው እና ወደ ሙያው የሚወስደውን መንገድ እንመለከታለን።

በቅድሚያ አጠራሩን እናጥራ። ሴት ነርስ በሀገራችን "ሲስተር" ተብላ ትጠራለች። ወንድ ነርስ ግን በገጠሩ ብዙ ጊዜ "ዶክተር" ይባላል፤ ነርስነት የሴት ሙያ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ያመጣው ነው። በተግባር ግን በየጤና ተቋማቱ የሚሠሩ ወንድ ነርሶች በርካታ ናቸው። አዛውንቶች ደግሞ እስከ ዛሬ "ድሬሰር" ሲሉ ይሰማል፤ ቁስል ጠርገው ያሽጉ ለነበሩት የቀድሞ ሠራተኞች የተሰጠ ስም ነው። ነርስ ሐኪም አይደለም፤ አዋላጅም አይደለም፤ ጤና መኮንንም አይደለም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥልጠናና ፈቃድ አላቸው። በቀበሌ ጤና ኬላ የሚገኙት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ነርሶች አይደሉም፤ ዋና ሥራቸው በሽታን መከላከልና ቤተሰብን ማስተማር ነው። በገጠር አንድ ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጥ ታስቦ የተዋቀረ ነው። ነርሶች በብዛት የሚገኙት ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ባሉት ተቋማት ነው።

ሙያው በሀገራችን የቆየ ታሪክ አለው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን በለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተምራ በሙያው ተመርቃለች፤ ከነፃነት በኋላ ብዙም ሳትቆይ እ.ኤ.አ. በ1942 በለቀምት አርፋለች። በእኛ አካባቢ ደግሞ ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው በጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ በቡድን ሆነው ወደ ወረዳ እንዲወርዱ ታስቦ የተጀመረ ሥልጠና ነበር፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተወለደውም ከዚያ ነው። የማኅበረሰብ ነርሷ ቦታ ከመነሻውም በገበሬው ደጃፍ እንደነበር ልብ ይሏል።

መለካትና መጠየቅ

አንድ ታካሚ ሲቀርብ ነርስ በመጀመሪያ የሚያየው አራት ነገሮችን ነው፤ የሰውነት ሙቀት፣ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ እና የደም ግፊት። በእረፍት ላይ ያለ ጤናማ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ በደቂቃም ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በብብት የተለካ ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ትኩሳት ይባላል። የደም ግፊት 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ሲደጋገም የደም ግፊት ሕመም እንዳለ ይታሰባል።

ወላጆች በብዛት የሚገረሙበት ነገር ቢኖር ነርስ የሕፃኑን ልብስ ገልጦ፣ ሰዓት ይዞ፣ ምንም ሳይናገር ደረቱን መመልከቱ ነው። "ዝም ብሎ ያያል" ይባላል። ዝም ብሎ ግን አይደለም፤ ትንፋሽ እየቆጠረ ነው። ሳል ያለበት ሕፃን የሳንባ ምች ይዞት እንደሆነ ለመለየት ቀላሉና ፍቱኑ መንገድ ሕፃኑ ሳያለቅስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን መቁጠር ነው። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ጊዜ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጣን ነው ይባላል። ይህ ቁጥር መድኃኒት ይሰጠው ወይስ አይሰጠው የሚለውን ይወስናል። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ጡት መጥባት ያቃተው ወይም የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን ደግሞ ቆጠራ እስኪያልቅ የሚጠበቅ አይደለም። እናት ልጇን ጡት አጥብታ ወይም አረጋግታ ብትይዘው ነርስን ከምንም በላይ ትረዳለች።

ክብደት መመዘንም እንዲሁ ከንቱ ሥርዓት አይደለም። የሕፃናት መድኃኒት የሚሰላው በኪሎ ነው። ከብት የሚያረባ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል፤ ለጊደርና ለበሬ እኩል የሆድ ትል መድኃኒት የሚሰጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የለም። ለታላቅ ወንድም የታዘዘ ሽሮፕ ለታናሽ እህት አይሆንም የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በግብርና ሥልጠና ላይ ደጋግመን የሰማነው አንድ ነገር ለዚህ ቦታው ነው፤ ለእንስሳት የተዘጋጀ መድኃኒት፣ ስሙ ከሰው መድኃኒት ጋር ቢመሳሰልም እንኳ፣ ለሰው አይሰጥም። መጠኑና አዘገጃጀቱ የተለያየ ነው።

የደም ግፊት ሲለካ ደግሞ ታካሚው ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አለመጠጣት፣ ሲለካም አለማውራት ይኖርበታል። ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ ከገበያ ሸክም አውርዶ፣ እያለከለከ የተለካ ግፊት ትክክለኛውን መጠን አያሳይም። ነርሷ "ትንሽ ይረፉ" ስትል ወረፋ እያራዘመች አይደለም።

ከመለካቱ ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ለአካባቢያችን ገበሬ እጅግ አስፈላጊው "በቅርቡ የት ነበሩ?" የሚለው ነው። ከደጋ ወረዳዎች በርካታ ወጣቶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። ሲመለሱ የሚያተኩሳቸው ከሆነ ሕመሙ ወባ ሊሆን ይችላል፤ በደጋ ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ ግን ታካሚው ቆላ መውረዱን ካልነገረው ወባን ላይጠረጥር ይችላል። ሌላም አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና በግራ ጎን በኩል የሆድ ማበጥ ካለ ካላዛር የሚባለው በሽታ ይታሰባል። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ስትሆን፣ በተለይ በጥቁር ዋልካ መሬትና በግራር ዛፍ ሥር ውጭ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ይጋለጣሉ። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ ሕክምናው ግን አለ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል ይገኛል። ለነርስ የሚሰጥ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ "ለአጨዳ መተማ ነበርኩ" የሚለው፣ ሳምንታት ሊያሳጥር ይችላል።

መርፌና ግሉኮስ

"መርፌ ይሻለኛል"፣ "ግሉኮስ ይደረግልኝ" የሚሉት ጥያቄዎች በየጤና ጣቢያው ይሰማሉ። ለነርስ ከሁሉ ከባዱ የሥራ ክፍል መርፌ መውጋት ሳይሆን መርፌ የማያስፈልገውን ሰው ሳያስቀይሙ ማስረዳት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በክኒን የሚሰጥ መድኃኒት በሆድ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ለአብዛኛው ሕመም ይህ በቂ ነው። መርፌ የሚመረጠው ታካሚው የሚያስመልሰው ወይም መዋጥ የማይችል ሲሆን፣ ራሱን ሲስት፣ ኢንፌክሽኑ ከባድ ሲሆን፣ ወይም መድኃኒቱ በአፍ የማይወሰድ ዓይነት ሲሆን ነው። በልብ ሪህ ምክንያት የልብ በሽታ ያገኛቸው ወጣቶች በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወስዱት ፔኒሲሊን ለዚህ ምሳሌ ነው። እጅግ ያማል፤ ነገር ግን አንድም ዙር ሊዘለል አይገባም፤ ልብ ዳግም እንዳይጎዳ የሚጠብቀው እርሱ ነውና። ከዚህ ቀደም በመርፌም ሆነ በክኒን ፊቱ ያበጠ፣ ቆዳው የተንደበደበ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይህን ከመወጋቱ በፊት መናገር አለበት።

መርፌ የራሱ አደጋ አለው። በቂጥ ላይ ያለቦታው የተወጋ መርፌ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ ነክቶ እግርን ሊያሰንፍ ይችላል። ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በጭን የውጭ ጎን የሚወጋውም ለዚህ ነው። በአንድ መርፌ ሁለት ሰው ከተወጋ ደግሞ ኤች አይ ቪ እና የጉበት ቫይረሶች ይተላለፋሉ። ሲሪንጁ ታሽጎ ከታካሚው ፊት ይከፈታል፤ ከተወጋ በኋላም ክዳኑ ሳይመለስ በቀጥታ ወደ ማስወገጃ ሣጥን ይጣላል። ይህን ለማየት መጠየቅ የታካሚ መብት ነው፤ ጥሩ ነርስም አይቀየምም። በየመንደሩ ያለ ፈቃድ በቤታቸው የሚወጉ ሰዎች ዘንድ መሄድ ግን ከሕመሙ የባሰ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ግሉኮስ የሚወራው ከእውነታው ይበልጥ የራቀ ነው። ሕዝቡ "ግሉኮስ" የሚለው በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሁሉ ነው፤ የፈሳሹ ዓይነት ግን ብዙ ነው። አንዱ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው ብቻ ያለበት ውኃ ነው። ስኳር ያለበት የተለመደው ዓይነት ደግሞ በአንድ ሊትር 50 ግራም ስኳር ይይዛል፤ 10 የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨመርበት ሻይ ሦስት ብርጭቆ የጠጣ ሰው ከአንድ ሙሉ ከረጢት ግሉኮስ የሚቀራረብ ስኳር አግኝቷል። "ደም ይሞላል"፣ "ጉልበት ይሰጣል" ተብሎ ያለ ምክንያት ግሉኮስ ለማስገባት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው በተመሳሳይ ገንዘብ እንቁላልና ወተት ቢገዛ ይሻለዋል። እዚህ ላይ የሚያስገርመው መብላት የሚችል ሰው ምግቡን ትቶ ፈሳሽ ሲጠይቅ ነው።

ፈሳሽ በእርግጥ ሕይወት የሚያድንበት ጊዜ አለ። ብዙ ደም የፈሰሳት ወላድ፣ በአተት ሰውነቱ የደረቀና መጠጣት ያቃተው ሰው፣ ራሱን የሳተ ታካሚ ያለ ፈሳሽ ሊሞት ይችላል። በተቃራኒው ለልብና ለኩላሊት ታማሚ፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዳ ሕፃንም ያለ ልክ የገባ ፈሳሽ ሳንባን ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ነርሷ ጠብታውን እየቆጠረች፣ ሰዓት እያየች የምትመላለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ታካሚ ወይም አስታማሚ "ቶሎ ይለቅ" ብሎ መቆጣጠሪያውን መፍታት የለበትም።

ተቅማጥ ላለበትና መጠጣት ለሚችል ሕፃን ደግሞ የተሻለው መድኃኒት ርካሹ ነው። አንድ ከረጢት የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በማንኪያ ደጋግሞ ይሰጣል፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በዝግታ መቀጠል ነው። የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ከዚሁ ጋር ዚንክ ለ10 ቀን ይሰጣል፤ ከ6 ወር በታች ላለ 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ላለ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ። ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ አይቋረጥም። የጡት ወተትና ምግብም አይከለከልም።

ስም፣ ሰዓት እና ጾም

ነርስ መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት አምስት ነገሮችን እንዲያረጋግጥ ይማራል፤ ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። አልጋ ላይ ለሦስት ቀን የተኛን ሰው ስምዎ ማን ነው ብሎ ደግሞ መጠየቅ ከዚህ ይመነጫል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች በስማቸውም በአባታቸውም ስም ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በእኛ አካባቢ ይህ ብርቅ አይደለም። እስከ አያት መናገር፣ ዕድሜና ቀበሌ መጨመር ስሕተትን ይከላከላል።

የሰዓቱ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚያደናግር ነው። "በየ8 ሰዓቱ" ተብሎ የተነገረው ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ የሚወሰድ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። በየ8 ሰዓቱ ማለት በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው፤ ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። የወባ መድኃኒት የሆነው ኮአርተም ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ በ6 ጊዜ ተከፋፍሎ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ቀሪው በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በሚገባ ይሠራል። ትኩሳቱ በማግሥቱ ስለለቀቀው የተረፈውን ለጎረቤት የሚሰጥ ሰው ራሱንም ጎረቤቱንም ሕክምና ከልክሏል። በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችም ነገሩ ያው ነው፤ በግማሽ የቀረ መድኃኒት ጠንካሮቹን ተሕዋስያን ለይቶ ያስቀራል። በማሳው ላይ ያለ ልክ የተረጨ ኬሚካል ተባዩን ሲያለማምደው ያየ ገበሬ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

በጾም ወቅት ጠዋት የሚወሰድ መድኃኒት እስከ 9 ሰዓት ሊቆይ፣ በረመዳን ደግሞ የቀኑ ሙሉ በሙሉ ሊታለፍ ይችላል። የሚጾም ታካሚ ይህን ለነርስ ቢነግር ብዙውን ጊዜ መፍትሔ ይገኛል፤ በቀን አንድ ጊዜ ወይም ማታና ሌሊት የሚወሰድ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ሳይናገር መጾም የለበትም፤ ኢንሱሊን ወስዶ ያልበላ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ጠበል እየተጠመቀ መድኃኒት የሚወስድ፣ ኮሶ ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት የጠጣ ሰውም ቢናገር አይወቀስም። ነርሷ ማወቅ የምትፈልገው መድኃኒቱ ተወስዷል ወይስ አልተወሰደም፣ ከምን ጋር ተወስዷል የሚለውን ነው።

ከማሳ የሚመጡ አደጋዎች

ከዚህ በታች ያሉት ነርስ ዘንድ ከመድረስ በፊት በቤት የሚደረገው ውጤቱን የሚለውጥባቸው ናቸው።

የጸረ ተባይ ኬሚካል ሲረጭ የቆየ ሰው ምራቁ ከበዛ፣ እንባውና ላቡ ከፈሰሰ፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠና ትንፋሽ ካጠረው ተመርዟል። ልብሱን ማውለቅ፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። የሚያጥበውም ሰው ጓንት ወይም ፌስታል በእጁ ቢያደርግ ይመረጣል። ኬሚካሉ ወደ ሆድ ገብቶ ከሆነ እንዲያስመልሰው ማስገደድ አይገባም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕቃውን ወይም ጽሑፉን ይዞ መምጣት ይበጃል፤ ማላታይንና ዳያዚኖን ለመሰሉት ኬሚካሎች አትሮፒን የሚባል መድኃኒት ይሰጣል፤ ለሌላው ግን አይሆንም። ለነቀዝ በጎተራ የሚደረገው የፎስፋይድ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻም የለውም። ክኒኑ ያለበት እህል ባለበት ክፍል ሰው ማደር የለበትም።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያጥብና በዚያው ቀን ይምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። እባብ የነደፈው ሰው ደግሞ የተነደፈው አካል ሳይንቀሳቀስ በቃሬዛ ይምጣ። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጠፍሮ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል። ማጭድ የቆረጠው ወይም ሚስማር የወጋው ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቅ፤ ጀርሙ በአፈርና በእበት ውስጥ ይገኛል።

ወደ ሙያው ለሚገቡ

ነርስ ለመሆን በዋናነት ሁለት በር አለ። አንደኛው በጤና ሳይንስ ኮሌጆች የሚሰጠው የደረጃ ሥልጠና ሲሆን ሠልጣኙ በመጨረሻ የብቃት ምዘና ይወስዳል። ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲ ለ4 ዓመት የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ወደዚህ የሚገቡት በተፈጥሮ ሳይንስ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፉ ናቸው፤ ሒሳብ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚሸሽ ተማሪ አስቀድሞ ቢያስብበት ይመረጣል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ለማለፍም 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል። ከዚያ በኋላ በሕፃናት፣ በቀዶ ሕክምና፣ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ በአእምሮ ጤና እና በሌሎችም ዘርፎች መማር ይቻላል።

ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ብቻውን ለመሥራት አያበቃም። የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም በየጊዜው የሚታደስ ሲሆን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ ግድ ነው።

የሥራው ጠባይ ከወረቀቱ ይልቅ ሊታወቅ ይገባል። ሌሊት ይሠራል፤ በዓል ላይ ይሠራል። የፋሲካ ሌሊት ተረኛ የሆነ ነርስ ቤተሰቡ ሲፈስክ ጓንት አጥልቆ ይሆናል። ሽንት፣ ሰገራ፣ ትውከትና መግል ያያል፤ ሰው ሲሞት ያያል፤ ለቤተሰቡም ያረዳል። መርፌ በስሕተት ሊወጋው ይችላል። በዚህ ጊዜ ቁስሉን ታጥቦ ወዲያው ማሳወቅ ይኖርበታል፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የጉበት በሽታ ቢ ክትባት ግን ተማሪው ወደ ተግባር ልምምድ ከመግባቱ በፊት ሊወስደው የሚገባ ነው።

ሌላው ፈተና ምስጢር ነው። በትንሽ ከተማ ነርሷ ታካሚዋን በዕድር፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ታገኘዋለች። ያየችውን ለእናቷም አትናገርም። አማት የምራቷን፣ ባል የሚስቱን ውጤት ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ ሁሉም ዘመድ ነው፣ ሁሉም ይቀየማል። በገጠር ለሚመደብ ወጣት ባለሙያ ይህ ከሌሊት ተረኝነት ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል።

እንደ ቀድሞው ተመርቆ ወዲያው በመንግሥት መመደብ አሁን የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ሥራ የሚጠብቁ ምሩቃን አሉ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄም የቆየ ነው። ወደ ውጭ ሄዶ መሥራት የሚያስቡም ብዙ ናቸው። ለምሳሌ በአሜሪካ ነርስ ሆኖ ለመሥራት የትምህርት ማስረጃን ማስመርመርና ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ የባሕረ ሰላጤው ሀገራትም ማስረጃ የማጣራትና የራሳቸው ፈተና ሥርዓት አላቸው። ያለ ፈተናና ያለ ማስረጃ ማጣራት "በነርስነት አስቀጥርሃለሁ" የሚል ደላላ የሚወስደው ወደ ሌላ ሥራ ነው።

ወላጅና ተማሪ ለኮሌጅ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ኮሌጁ በተለይ በነርሲንግ ዘርፍ የታደሰ እውቅና አለው ወይ? ወረቀቱን በዓይን ማየት፣ ከወረዳ ወይም ከክልል የትምህርትና የጤና ቢሮዎችም ማረጋገጥ ይገባል። የቀደሙት ምሩቃኑ በብቃት ምዘናና በመውጫ ፈተና ምን ውጤት አመጡ? ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ተማሪዎቹ ለተግባር ልምምድ የሚሄዱት የትኛው ሆስፒታል ነው፣ በአንድ ታካሚ አልጋ ዙሪያስ ስንት ተማሪ ይቆማል? ሃያ ተማሪ በአንድ አልጋ ከቆመ ትንፋሽ የሚቆጥረው የፊተኛው ብቻ ነው።